ጓጉንቸር የተገጠመለት ዘፈን

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ጓጉንቸር» ይለዋል፤ እሱም ሲጠሩት «አቤት» ይላል እንጂ አይቆጣም። ስሙን ያወጣለት የሰፈሩ ታክሲ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዘፈን የሚሸጥባትን ሱቁን ሲከፍት ቆሞ አየው። መጀመሪያ የታችኛውን ቁልፍ ፈታ፤ ቀጥሎ የመሀከለኛውን፤ ቀጥሎ ደግሞ ከላይ የተንጠለጠለውን፣ የአህያ ሰኮና የሚያህል ጓጉንቸር። በሩ ተከፈተ ሲባል ከኋላው ሌላ የብረት በር ብቅ አለ። ሾፌሩም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ዘፈኑን ነው የቆለፍከው ወይስ ዘፋኟንም ጭምር?» አለው። ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚያ ሁሉ ቁልፎች ጀርባ ያን ያህል የሚሰረቅ ነገር አልነበረም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ የደንበኛ ወንበር። ከጎረቤቱ ፀጉር ቤት የሚለያት ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ፀጉር ቤት የሚወራው ሐሜት ሱቅ ድረስ ይመጣል፤ የሱቁም ዘፈን እዚያ ይሰማል። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ጋሽ ጓጉንቸር ይጭንለታል። ሥራው ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መቆላለፍ ከየት መጣ ቢባል፣ ከአባቱ ነው። አባቱ በዚያው መንገድ ላይ ካሴት ቤት ነበራቸው። ዘፋኝ ፈልገው፣ አስቀርጸው፣ አሳትመው የሚሸጡ፣ በሥራቸው ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ኋላ ከመንገዱ ማዶ አንድ ቅጂ ቤት ተከፈተ። እሳቸው ጠዋት አዲስ ካሴት ካወጡ፣ ከሰዓት በኋላ የማዶው ሰው አባዝቶ በርካሽ ይቸበችበዋል፤ ያውም ሽፋኑ ላይ የራሱን ስም ለጥፎ፣ ማጉያውን ወደ እሳቸው ደጃፍ አዙሮ እያስጮኸ። ያኔ ልጅ የነበረው ጋሽ ጓጉንቸር፣ አባቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው ያስቀረጹትን ዘፈን ከሰው ቤት ሲሰሙ አይቷል። ካሴት ቤቱ ተዘጋ፤ አባትየው የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ዘፈን ሲጀምር እስከ ዕለተ ሞታቸው ተነስተው ይወጡ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በጋሽ ጓጉንቸር የሚስቅ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይስቅ ነበር።

ይህ ሰው አንዲት ታናሽ እህት አለችው። «ሚጢጢ» ይላታል፤ በቁመት ግን ትበልጠዋለች። ሚጢጢ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ነበረች። ስትሰፋ ታንጎራጉራለች፣ ስታንጎራጉር የዚያ ሁሉ የስፌት መኪና ጩኸት አያሸንፋትም፤ እሷ የቀረች ቀን የመስመሩ ሥራ ይጎተታል እየተባለ ይወራ ነበር። የጨርቁ ብናኝ ግን ጉሮሮዋን ያዘው። ሐኪሙ መርምሮ «ወይ ፋብሪካውን ወይ ድምፅሽን፤ ሁለቱን ይዘሽ አትዘልቂም» አላት። ድምፅዋን መረጠች። ወንድሟም ሞተር ብስክሌቱን ሸጦ ስድስት ዘፈን አስቀረጻት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ አንድም ቀን ግን አላነሳባትም።

የፋብሪካው አለቃ ደግ ሴት ነበሩና «የያዝነው ትእዛዝ እስኪያልቅ ወንበርሽን ለሰው አልሰጥም፤ ካልሆነልሽ ነይ» አሏት። ሚጢጢም ለወንድሟ ቁርጡን ነገረችው።

«ጋሼ፣ ሰው ከሰማኝና ከገዛኝ እዘፍናለሁ። ካልሆነ ግን ትከሻህ ላይ ተንጠልጥዬ አልኖርም፤ ወደ ኮሌታዬ እመለሳለሁ።»

ወደ ኮሌታው መመለስ ድምፅን መሰናበት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለዚህ ሁለተኛ አላወሩበትም።

ከስድስቱ ዘፈኖች መሪው «ገርበብ» ይባላል። ያመሸባትን ባሏን የምትጠብቅ ሴት የምትዘፍነው ነው።

በሩን አልቆለፍኩም፣ ገርበብ አርጌዋለሁ፤
ማንኳኳት አያሻም፣ ኮቴህን አውቃለሁ።

እንግዲህ በዓለም ላይ ካለው ዘፈን ሁሉ መርጦ፣ ጋሽ ጓጉንቸር የቆለፈው ይህንን ነው።

ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መቆለፊያ አሠራ። ዘፈኑ የሚከፈተው በተገዛበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። ወደ ሌላ ስልክ ቢላክ፣ በፍላሽ ቢገለበጥ፣ መኪና ላይ ቢሰካ፣ በሚጢጢ ድምፅ ፈንታ የጋሽ ጓጉንቸር ድምፅ ይመጣል። ማስጠንቀቂያውን ራሱ ነው የቀረጸው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ይህ ዘፈን የእርስዎ አይደለም! ለባለቤቱ ይመልሱ!» ብሎ። ሚጢጢ ስትሰማው ደነገጠች።

«ጋሼ፣ የእኔን ዘፈን የሚገዛ ሰው ምን አደረገህ?»

«የሚገዛውን አይደለም፤ የሚሰርቀውን ነው።»

ችግሩ መቆለፊያው ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። መጀመሪያ የተያዘው ያው ሾፌሩ ነው። ዘፈኑን ገዝቶ፣ ወዶት፣ በፍላሽ ገልብጦ ታክሲው ላይ ሰካው። ከዚያ እየሮጠ ሱቅ መጣ።

«ጋሽ ጓጉንቸር! በተሳፋሪ ፊት ሌባ አልከኝ እኮ!»

«እኔ መቼ አልኩህ? መሣሪያው ነው ያለህ።»

«መሣሪያው ያንተ ድምፅ አለው! አንዲት ባልቴት ‹ልጄ፣ ለሰውየው መልስለት፣ ይቅርብህ› ብለው መከሩኝ።»

«በስልክህ ስማዋ።»

«እየነዳሁ ስልክ ልጎርጉር? ትራፊክ ሲይዘኝ አንተ ትቀጣልኛለህ? ሰውዬ፣ ከፍዬሃለሁ! ሸሚዝ ብገዛ ቤትህ ብቻ ልበሰው ትለኛለህ?»

«ሸሚዝ አይባዛም።»

ሾፌሩ ወደ ታክሲው ተመለሰ። ጋሽ ጓጉንቸር ረታሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ፤ ሾፌሩ ግን ሁለተኛ ዘፈን አልገዛውም። ቀጥሎ አንዲት አስተማሪ ስልኳ ባልዲ ውስጥ ወድቆባት መጣች። በአዲሱ ስልክ ጫንልኝ ስትለው የድሮውን አምጪና ልየው አላት። «ዘፈኑን ነው የገዛሁት ወይስ የስልኬን ዕድሜ?» ብላው ወጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ተሰማ። ሱቋ ፊት ሰው ይቆማል፣ ስለ መቆለፊያው ያወራል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። አንድም ሌባ አልገባም፤ ገዢም አልገባም።

ሚጢጢ አንድ ቀን እግሯ በካርቶን የተደገፈችው ወንበር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ቆየችና እንዲህ አለች፤ «የአባባን ዘፈን ቢያንስ ሰው ሰርቆ ይሰማው ነበር። የእኔን ሌባ እንኳን አልፈለገው።»

ለመቀለድ ብላ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ወንድሟ ኮምፒውተሩን የሚጠርግ መሰለ። ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነበር።

ተስፋ የመጣው ከሬዲዮ ነው። የከሰዓት በኋላ ፕሮግራም አቅራቢው አንድ ሠርግ ላይ ሚጢጢን ሰምቷት ኖሮ፣ አድራሻ ጠይቆ ሱቅ ድረስ መጣ። ሐሙስ ከሰዓት «ገርበብ»ን አሰማዋለሁ አለ። ሚጢጢ እጁን ለመሳም ምንም አልቀራትም። ጋሽ ጓጉንቸርም ደስ አለው፤ ሆኖም «ሬዲዮ ጣቢያ ማለት ዘፈን ሰራቂ ደመወዝ እየበላ የሚቀመጥበት ቤት ነው» ብሎ የሚያምን ሰው ነው። የአቅራቢውን ስልክ ተቀብሎ ዘፈኑን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጫነለት፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቆለፈበት።

«ለእሱም ቆለፍክበት እንዴ?» አለች ሚጢጢ፣ ሰውየው ሲወጣ።

«ስልኩ ላይ ይከፈትለታል፤ ስልኩን ማይክሮፎኑ አጠገብ ያደርገዋል። ምን ጎደለው?»

ሬዲዮ እንዴት ዘፈን እንደሚያሰማ ጠይቆ አያውቅም፤ በልቡ ግን እንዲህ ነው ብሎ ወስኗል።

ሐሙስ ጠዋት ከፋብሪካው ተደወለ። ትእዛዙ አልቋል፤ አለቃዋ ነገ ለወንበሩ ሰው ሊቀጥሩ ነው፤ ዛሬ ማታ ቁርጥሽን ንገሪኝ አሏት። ሚጢጢ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። ከሰዓት በኋላ ወንድምና እህት ሬዲዮናቸውን ከፍተው ተቀመጡ። በግድግዳው ማዶ ፀጉር ቤቱም ሬዲዮ ከፍቷል፤ መንገድ ዳር ሾፌሩ የታክሲውን በር ከፍቶ ይጠብቃል። ከወንድሟ ጋር ቢኮራረፍም ሚጢጢ የሰፈር ልጅ ናት።

አቅራቢው አሞገሳት፣ ከኮሌታ ስፌት እስከ መድረክ እያለ አሳመረላት። «እነሆ፣ ገርበብ!» አለ። ዝም። ቀጥሎ በከተማው ላይ አንድ የወንድ ድምፅ አስተጋባ፤

«ይህ ዘፈን የእርስዎ አይደለም! ለባለቤቱ ይመልሱ!»

ጋሽ ጓጉንቸር ክው አለ። አቅራቢው ከስልኩ ወደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ገልብጦት ኖሯል። የተበላሸ መስሎት እንደገና ነካው። ጋሽ ጓጉንቸር በአገሩ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ከደጅ የሾፌሩ ሳቅ ተሰማ፣ ከግድግዳው ማዶ የሴቶቹ። ሚጢጢ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ዓይኗ እንባ ሞላ። ወንድሟ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ቁልፎቹን ሁሉ መርቆ ይሰጣት ነበር።

«አድማጮቻችን» አለ አቅራቢው፣ ሳቁን ውጦ፣ «ዘፈኑ የእኔ እንዳልሆነ ተነግሮኛል። ያለበት ስልኬ ደግሞ ከስቱዲዮ ውጭ ነው፤ እዚህ ይዞ መግባት አይቻልም። እስቲ ገርበብ ያለው ሰው ካለ ይደውልልን።»

ጥቂት እንደቆየ «ሃሎ! እኔ ጋ አለ!» የሚል የሴት ድምፅ ከግድግዳው ማዶ መጣ፤ ያው ድምፅ ትንሽ ዘግየት ብሎ በሬዲዮው ተሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ናት።

«የራስዎ ነው?» አለ አቅራቢው።

«የራሴማ ይኸው የምደውልበት ስልክ ላይ ነው፤ ከፍዬበታለሁ። እናቴ ጋ ልላክ ብል አልሄድ አለኝ። መላ ሳጣ አንዱን ስልክ ካንዱ አፍ ለአፍ ገጥሜ በድምፅ መቅረጫ ቀዳሁት። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ፤ ሰውየው ጎረቤቴ ነው፣ አትንገሩብኝ።»

«በአየር ላይ ነን፣ እመቤቴ።»

«ውይ!» አለችና፣ ከተነገረ ወዲያ ምን ቀረ ብላ ነው መሰል ሁለተኛውን ስልክ ከፈተችው።

ዘፈኑ ጀመረ። ጥራት የሚባል ነገር የለውም። የፀጉር ማድረቂያው ያጉረመርማል፣ የቧንቧ ውሃ ይወርዳል። ሚጢጢ «በሩን አልቆለፍኩም» ስትል አንዲት ደንበኛ «አቃጠልሽኝ እኮ!» ትላለች። ፀጉር ሠሪዋ «እስኪ ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው» ትላታለች። ትንሽ ቆይቶ ያችው የተቃጠለችው ሴት ከሚጢጢ ጋር ማቀንቀን ትጀምራለች፤ ሌላዋ ትከተላለች፤ መጨረሻው ላይ ፀጉር ቤቱ በሙሉ «ኮቴህን አውቃለሁ» ይላል። ቅላጼው ተጣሟል፣ ግን ከልባቸው ነው።

ጋሽ ጓጉንቸር ብድግ ብሎ ነበር። ልማድ ነውና፣ ቅጂ ሰምቷል፣ ያውም በገዛ ግድግዳው ማዶ። እጁ በሩን ሊይዝ ሲል ሚጢጢ የኮቱን ጫፍ ጨብጣ ሳበችው።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል። እየዘፈንኩ ነው።»

ቁጭ አለ። ያን ዘፈን ሊቆልፈው ብሎ ስንቴ ሰምቶታል፤ መጀመሪያው ላይ ይሠራል፣ መጨረሻው ላይ ይዘጋል እያለ። እህቱ ምን እንደምትል ግን ልብ ብሎ የሰማው ያን ዕለት ነው። ከደጅ፣ ከግድግዳው፣ ከሬዲዮው፣ ትንሽ ትንሽ እየተቀዳደመ ከየቦታው ይመጣል። ዓይኑን ጠረገ፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተር የሚጠርግ አልመሰለም።

ዘፈኑ ሲያልቅ አቅራቢው «አቃጠልሽኝ ያሉት እመቤት ፀጉራቸው ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ሱቋ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰለፈ። ሁሉም «ያቺ አቃጠልሽኝ የምትለዋ ያለችበትን» ይላል። ከፊት የቆመው ሾፌሩ ነው።

«ታክሲ ላይ የሚዘፍን ከሆነ አሁኑኑ እገዛለሁ» አለ። «ካልሆነ ከፀጉር ቤት እቀዳለሁ። እዚያ ጓጉንቸር የለም።»

ጋሽ ጓጉንቸር እህቱን አየ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኳንም አየ።

«ልክፈተው?» አላት። «ከከፈትኩት በሳምንት ውስጥ ከተማው በነፃ ይዞት ይዞራል። ደግሞ እንደ አባባ...»

«አባባን ከሁሉ ያስከፋቸው ምን ነበር?»

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር ነበር የጠየቀችው። «ሽፋኑ ላይ የሰው ስም መለጠፉ ነዋ። ገንዘቡንስ ችለውት ነበር።»

«እንግዲያው ስም እናስገባበት» አለች ሚጢጢ። «ክፈተው፤ ማይክሮፎኑን ስጠኝ። የሚገዛውን ሰው ስም ዘፈኑ ፊት እኔ ራሴ እጠራለሁ። መቅዳት ይችላሉ፤ የሚቀዱት ግን የገዛው ሰው ስም ያለበትን ነው።»

መቆለፊያው በዚያው ወለቀ። ሚጢጢ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ የመጀመሪያው ሆነ፤ «ይህን ዘፈን የገዛው የታክሲያችን ሾፌር ነው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለችለት።

«ቀስ ብሎ ይነዳል በይልኝ።»

«እሱንማ አልዋሽም።»

አስተማሪዋም ተመልሳ መጣች፤ ሚጢጢ ስሟን ከነማዕረጉ ጠራችላት። ፀጉር ሠሪዋ የእናቷን ስም አስጠራች። ሰው ስሙ በዘፋኝ አንደበት ሲጠራ እንዲህ ደስ እንደሚለው ጋሽ ጓጉንቸር በዕድሜው አላሰበውም ነበር። የመጡት ካለቁ በኋላ ሚጢጢ ስልኳን አነሳችና ለፋብሪካው አለቃ ደወለች። «እመቤቴ፣ ወንበሩን ለሰው ስጡልኝ» አለች። በስልኩ ማዶ ያሉት ሴትዮ ምን እንዳሏት ባይሰማም፣ ሚጢጢ እየሳቀች አለቀሰች። በማግሥቱ ሴትዮዋ ራሳቸው ስማቸውን ሊያስጠሩ መጡ።

ሌባ ጠፋ ማለት አይደለም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ስሙን ቆርጠው ዘፈኑን ብቻ የሚያዞሩ አሉ፣ ጋሽ ጓጉንቸር ሲሰማ አሁንም ደሙ ይፈላል። ግን አብዛኛው ሰው መቁረጡን አይችልበትም፣ ወይም ይሰንፋል። አንዱ ባለትዳር ከመሥሪያ ቤት ባልደረባው ቀድቶ ቤቱ ሲከፍተው፣ ዘፈኑ የአንዲት ሴት ስም ጠርቶ ዕድሜ ይስጥልኝ አለ፤ ሚስቱ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች፤ ሰውየው በነጠላ ጫማ ሱቅ ድረስ ሮጦ መጣ። «በፈጠራችሁ፣ የሚስቴን ስም ጥሩልኝ!» አለ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ቁልፍ አምጥቶት አያውቅም።

አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ ጋሽ ጓጉንቸር ገንዘብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምንድን ነው?» አለች ሚጢጢ።

«አንድ ገርበብ ልገዛ ነው። ገዝቼ አላውቅም።»

«በማን ስም?»

«በአባባ።»

ሚጢጢ ማይክሮፎኑን አስጠግታ፣ ቀስ ብላ፣ የአባታቸውን ስም ከነአያታቸው ስም ጠራች። «ይህን ዘፈን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ጋሽ ጓጉንቸር ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ደፉ ላይ አኖረውና ፊቱን ወደ ማዶ አዞረው፣ ድሮ ቅጂ ቤቱ ወደነበረበት። አሁን እዚያ ጫማ ይሸጣል። ዘፈኑን ከፈተው፤ የአባቱ ስም መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

አንድ መንገደኛ ቆም አለ። አዳመጠ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ማጉያው ዘረጋና መቅዳት ጀመረ። ሚጢጢ ትንፋሿን ውጣ ወንድሟን አየችው። ጋሽ ጓጉንቸር አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ወንድም» አለው፣ «ቀረብ በል። ከዚያ ሆነህ ስሙ አይሰማልህም። ይኸው፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።»